ባሩድ ላይ ምርቃት የለም

የጋሼ ደምሴ ጋራዥ በር እየተንቋቋ ወደ ላይ ሲጠቀለል መጀመሪያ የሚወጣው ሽታው ነው። የማሽን ዘይት፣ ነሐስ፣ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አሁን እንደተጫረ ክብሪት ያለ ነገር። ባለፈው ቅዳሜ ከሊንውድ ከሲያትል በስተደቡብ እስካለችው ዴ ሞይን ድረስ የነዳሁት ጎመን ልወስድ ብቻ ነበር። ጓሯቸው ያበቀሉት ጎመን ሲበዛባቸው ኮል ያደርጉልኛል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን ጎመኑን ረሳሁት፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሶልያና ከኋላዬ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመኪና ሳትወርድ፣ «እዚያ ውስጥ ምንም ነገር እንዳትነኪ፣ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» ብያት ነበር። እኔ ፈሪ እናት ነኝ፤ አልደብቅም። ምድጃ ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ። ወይን ፍሬ እስካሁን ለሁለት ቆርጬ ነው የምሰጣት። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከዓይኔ እስኪጠፋ ከመንገዱ ዳር አልንቀሳቀስም። «ማሚ፣ ሪላክስ» ትለኛለች። እኔም ሪላክስ ያደረግሁ መስዬ ዞር ስትል ቀበቶዋን እንደገና አየዋለሁ።

ሶልያና እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ገባችና ከሥራ ጠረጴዛው በላይ የተለጠፈውን፣ ዳሩ የተጠቀለለ የካርቶን ቁራጭ ማንበብ ጀመረች። ፊደሉን ታውቃለች፤ ቃሉ ነው የሚጠፋባት።

«ባ... ሩ... ድ ላይ... ምር... ቃት... የ... ለም። አባባ፣ ዋት ኢዝ ምርቃት?»

ጋሼ ነጩን ሪዛቸውን በአውራ ጣታቸው አበስ አደረጉ። «እናትሽን ጠይቂያት። የጻፈችው እሷ ናት» አሉ።

*

እኔና እማዬ ከአዳማ ሲያትል የገባነው ሰኔ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማዬ አዳማ ገበያ ምስርና ሽምብራ ትሸጥ ስለነበር እኔም ከትምህርት ቤት ይልቅ ከጆንያ ጀርባ ነው ያደግሁት። በጣሳ ሞልቶ መስፈር፣ ከዚያ ደንበኛው ሳይጠይቅ በእፍኝ ምርቃት ጣል ማድረግ ከፊደል በፊት ያወቅሁት ነገር ነው። እኛ መደብ አካባቢ ምርቃት የማይጨምር ነጋዴ በክፉ ነበር የሚነሳው። እማዬማ ለምትወደው ደንበኛ ሁለት እፍኝ ታደርግና እንዳላየች ፊቷን ታዞራለች።

ጋሼ ደምሴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዴ ሞይን ያለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ አስገቡን። ገና ሻንጣችንን ሳንፈታ እማዬ ክንዴን ያዘችና፣ «ስሚ፤ ወንድሜም ቢሆኑ የሰው ቤት ነው ያለነው። ምንም አትንኪ፣ ምንም አታበላሺ። አንድ ነገር ብታበላሺ መሄጃ የለንም» አለችኝ። መሄጃ የለንም ያለችው ለማስፈራራት ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ ለሳምንት ያህል ሶፋው ጫፍ ላይ በግማሽ መቀመጫዬ ነበር የምቀመጠው።

ክረምት ነው ሲሉኝ ዝናብ ጠበቅሁ። ሐምሌን ሙሉ አንድ ጠብታ አልጣለም። ዝናቡም ቪዛ እየጠበቀ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከአጥሩ ባሻገር ጥቁር እንጆሪ እንደ አረም ተንዠርግጎ ማንም አይለቅመውም ነበር። ከጣሪያው በላይ በየደቂቃው አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ያልፋል። ጋሼ ሌሊት ሌሊት ኤርፖርት ለአውሮፕላን ነዳጅ ይሞሉ ስለነበር ሁሉንም እሳቸው አጥግበው የላኳቸው ይመስለኝ ነበር። ለእያንዳንዱ እጄን አውለበልባለሁ።

እማዬ ቀን ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ጋሼ ደግሞ እስከ ቀትር ተኝተው ሲነሱ ጋራዥ ይገባሉ። ከዚያ ውስጥ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይሰማል። ሽምብራ የሚያስፈጩ መስሎኝ አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አንድ ባልዲ የመሰለ ማሽን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን ከተፈጨው ቆረቆንዳ ውስጥ ሲያወጡ ጣቶቻቸው መሃል የወርቅ የመሰለ ነገር አብለጨለጨ። በቆረቆንዳው እየተወለወለ ያለ የጥይት ቀልሃ ነበር። አንድ ሁለት አይደለም፤ ባልዲ ሙሉ።

እማዬ ከሥራ ስትመጣ ደጅ ላይ ጠበቅኋትና ጆሮዋ ውስጥ አንሾካሾክሁ። «እማዬ፣ ጋሼ ከማን ጋር ሊዋጉ ነው?»

ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች። «ከጋሽ ተስፋይ ጋር ነዋ!»

ሁለት ቀን ሙሉ ይህ ጋሽ ተስፋይ የሚባል ጠላት መቼ እንደሚመጣ በመስኮት ስጠብቅ ከረምኩ። እሑድ ከሰዓት አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሪዛቸው እንደ ብሩሽ የቆመ ሰው ሐብሐብ አቅፈው መጡ። ጋሽ ተስፋይ እሳቸው ነበሩ፤ ጋሼን አቅፈው ሦስት ጊዜ ሳሟቸው። ከዚያም ወንበር ስበው፣ «ደምሴ ሐወይ፣ ምላጭ ገዛህ?» አሉ። ሐወይ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው።

«ለአንተ ነው የምገዛው» አሉ ጋሼ። «ብትፈልግ ሳሙናውንም እኔ እችላለሁ።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች በክረምቱ መጨረሻ ተኩስ ሜዳ ሄደው ስድስት መቶ ያርድ ርቀት ላይ ያለ ወረቀት ይመታሉ። እያንዳንዳቸው ሃያ ጥይት ይተኩሳሉ። የተሸነፈው ሪዙን ይላጫል። ጋሽ ተስፋይ የሚተኩሱት ከሱቅ የተገዛ ጥይት ነው። ጋሼ ግን በገዛ እጃቸው የሞሉትን ካልሆነ ነክተው አያውቁም። «የሱቅ ጥይት የሱቅ ሱሪ ማለት ነው፤ ለሁሉም ይሆናል፣ ለማንም ልክ አይደለም» ይሉ ነበር።

*

ጋራዡ ውስጥ ያስገቡኝ በጥፍሬ ምክንያት ነው። ጥፍሬ ስስ ነበር። ቀልሃው ብዙ ጊዜ ሲተኮስ አፉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያወጣል፤ የጋሼ ዓይን ደክሞ ስንጥቋን አያያትም። እኔ ጥፍሬን በአፉ ዙሪያ ሳሽከረክር ትይዘኛለች። «ይቺ ተሰንጥቃለች» ስል ጋሼ ይቀበሉኝና ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሏታል። ኪል! የምትለዋ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

አንድ ጥይት አራት ነገር መሆኑንም ያኔ ነው የተማርኩት፤ ነሐሱ ቀልሃ፣ ቂጡ ላይ እሳት የምትጭረው ካፕሱል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ባሩድ፣ አፉ ላይ የሚገባው አረር። ጋሼ ቀልሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ማሽን እጀታ ሲጫኑ ዘይት እንደጠማው በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ባሩዱ ጥቁር ዱቄት ይመስለኝ ነበር፤ ስስ የተቆረጠ የእርሳስ ብናኝ የመሰለ ፍሬ ነው። የሚመዝኑት ከመዳፌ በሚያንስ ሰሃን፣ ባለ ክንድ ሚዛን ነበር። በአጠገቡ ሳስነጥስ እንኳ ክንዱ ይደንሳል። «ፊትሽን አዙሪና አስነጥሺ!» ይሉኛል። መመዘኛውን ፈረንጆች «ግሬን» ብለው በስንዴ ፍሬ ስም ነው የሚጠሩት ሲሉኝ የሚዛኑ ሆድ ውስጥ የተቆጠረ ስንዴ ያለ መስሎኝ ጋሼ ዞር ሲሉ ሥሩን አየሁ።

ያሳፈረኝ ነገር ግን አንድ ነበር። ጋሼ ባሩዱን በትንሽ ማንኪያ እየነቀነቁ ሰሃኑ ላይ ያንጠባጥባሉ። ክንዱ ትንሽ ከመስመሩ ካለፈ ወረንጦ አንስተው አንዲት ፍሬ፣ አንዲት ብቻ፣ ወደ ጣሳው ይመልሳሉ። እንደገና ያያሉ። ሌላ አንዲት ይመልሳሉ። እኔ ሰው ከሰፈረ በኋላ ሲመልስ አይቼ አላውቅም። እማዬ ብታይ ምን ትላለች? ወንድሜ ስስታም ወጣ ትላለች። ጋሼን እወዳቸው ነበር። ስለዚህ ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ውድድሩ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሃምሳ ቀልሃ፣ ሃምሳ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ገበታ ላይ ደረደርን። ጋሼ እየመዘኑ ሰጡኝ፣ እኔ በእምቡቶ ወደ ቀልሃው አፈሰስኩ። ሃምሳውም ሞልቶ አረሩ ሲቀር ስልክ ጮኸ፤ ጋሼ «እንዳትነኪ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

እኔም ነካሁ።

ተንኮል አልነበረኝም፤ በፈጣሪ ስም እምላለሁ። ለሰው የምታደርገውን ትልቁን ደግነት ነው ያደረግሁላቸው። ማንኪያዋን አነሳሁና ከጣሳው እየቆነጠርኩ ለአንዱ ትንሽ፣ ለሌላው ትንሽ፣ ወደ ሦስተኛው መስመር ዘልዬ ደግሞ ትንሽ ምርቃት ጣል ጣል አደረግሁ። ልክ እንደ እማዬም ፊቴን አዞርኩ። የጋሼ ኮቴ ሲሰማ ማንኪያዋን መለስኩ። ተመልሰው በባትሪ የእያንዳንዱን ሆድ አበሩና አዩ፤ ቁንጥር ነገር በዓይን አይለይም። አረሩን እያስገቡ ዘጓቸው። እኔም ያን ቀን እራቴን በጥጋብ በላሁ።

*

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ተስፋይ መጡ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙኝ። ትሪውን ይዤ ስወጣ ጋሼን እየነካኩ ነበር።

«ደምሴ ሐወይ፣ የጥይትህ ፍጥነት አያወጣህም እኮ። ንፋስ ከተነሳ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ አውቶቡስ ይጠብቃል። ትንሽ ባሩድ ጣል አድርግበት እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ!»

«የጥይት አሞላል መጽሐፉ ከዚህ አትለፍ የሚለው ጫፍ ላይ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ከዚህ በላይ ጨምሬ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈንዳ?»

«ለአንዲት ቁንጥር?»

«ለአንዲት ቁንጥር። ተኩስ ሜዳው ላይ አንድ ዓይናውን ሽማግሌ አታውቀውም? ለቁንጥር ነው። እኔ ደግሞ ያለችኝ ይቺው የደከመች ዓይን ናት፤ ለአንተ ሪዝ ብዬ አልሰጣትም።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ትሪውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ጋሽ ተስፋይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሻዩን የጠመንጃ መወልወያው ጨርቅ ላይ ነው እኮ ያፈሰስሽው» ሲሉ ብቻ ነቃሁ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ ለእኔ ዓመት ነበር። ብናገር ጋሼ ያባርሩናል፤ እማዬ መሄጃ የለንም ብላለች። በዓይነ ሕሊናዬ እኔና እማዬ ሻንጣችንን ይዘን አጥሩ ሥር ጥቁር እንጆሪ እየለቀምን ስንኖር ይታየኛል። ባልናገር ደግሞ ጋሼ አንድ ዓይና ይሆናሉ፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይኔን በእጄ ጨፍኜ ደረጃ መውረድ ሞከርኩ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ወደቅሁ።

«ምን ሆነሻል?» አለች እማዬ።

«ምንም።»

«ምንም ያለ ሰው ሽሮ አይተውም።»

በልቤ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። የጥይቱን ሳጥን ብደብቀው? አትንኪ ተብያለሁ፤ አንዴ ነክቼ ያመጣሁትን አይቻለሁ። በውድድሩ ቀን ዝናብ ቢጥል? ተንበርክኬ ለመንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ነጋ።

ጋሼ ሪዛቸውን አበጥረው፣ ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ቆልፈው ጥይቱን ሊወስዱ ወደ ጋራዥ ሲመጡ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ቀሚሴን ዙሪያውን ዘርግቼ ሸፍኜዋለሁ፤ እንደ ታቀፈች ዶሮ።

«ተነሺ ነጋዴዋ፤ ረፍዶብኛል።» ነጋዴዋ ነበር የሚሉኝ።

«አልነሳም።»

«አንቺ ልጅ፣ ተስፋይ ፈርቶ ቀረ ይላል።»

«ይበሉ። አልነሳም።»

ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት። ያኔ አለቀስኩ። ማልቀሱ ሲጀምር ቃሉም አብሮ ወጣ። «ምርቃት ጨምሬበታለሁ... ጋሼ፣ ምርቃት...»

«ምን ላይ?»

«ባሩዱ ላይ።»

ከላይ አውሮፕላን አለፈ። ጋሼ ቀስ ብለው ሲሚንቶው ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንቱ ላይ?»

«አላውቅም። እየዘለልኩ ነው።»

«ለምን ልጄ?»

«እርስዎ ፍሬዋን እየመለሱ... ስስታም እንዳይባሉ ብዬ።»

ጋሼ መጀመሪያ ሳል ያዛቸው መሰለኝ። ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እየሳቁ ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው።

«ታባርሩናላችሁ?» አልኩ። ከፍርሃቴ ብዛት አንድ ሰው መሆናቸውን ረስቼ።

«የት ነው የምናባርራችሁ?» አሉ ጋሼ፣ እሳቸውም በብዙ። «ተነሺ። ጆሮ መሸፈኛ አድርጊና ነይ። ስትናገሪ እንጂ ስትደብቂ አይደለም ዓይኔን ያተረፍሽልኝ።»

መንገድ ላይ ሱቅ ቆመው የሱቅ ጥይት ገዙ። ከመኪናው ሆኜ አየኋቸው፤ ሣጥኗን ይዘው ሲወጡ የሰው ሱሪ የለበሱ ይመስሉ ነበር።

በውድድሩ ተሸነፉ። በብዙ አልነበረም፤ ጋሽ ተስፋይ ግን ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ይዘው ዙሪያውን አሳዩ። «የታለ በእጅ የተሠራው? የታለ ሚዛኑ?» አሉ። ጋሼ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ንፋስ ነበር» አሉ። አንድም የዝግባ ቅጠል አልተነቃነቀም ነበር።

የተላጩት በቤታችን በረንዳ ላይ፣ በጋሽ ተስፋይ እጅ ነው። እማዬ ከሥራ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ይቅርታ፣ ጋሼ የሉም?» አለች። የእውነት አላወቀቻቸውም። የላይኛው ከንፈራቸው ነጭና ሰፊ፣ እንደ ሕፃን መቀመጫ ነበር። እኔ ከሳቅና ከለቅሶ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ቤዝመንት ወረድኩ።

*

በማግስቱ ሃምሳውን ፈታናቸው። መጀመሪያ፣ «ሙሉውን መዝነን ከባዱን አንለይም?» ብዬ ነበር። «ቀልሃው ራሱ አንዱ ካንዱ ይለያያል፤ ያንቺ ቁንጥር መሃሉ ላይ ትጠፋለች» አሉኝ። መዶሻ የመሰለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጥይቱን አስገብተው ሲሚንቶው ላይ ጧ! ሲያደርጉት አረሩና ባሩዱ ተለያይቶ ይወጣል። መጀመሪያ ጆሮዬን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። አሥረኛው ላይ እኔ ነበርኩ የምመታው።

የእያንዳንዱን ባሩድ መዘንን። አሥራ ሰባቱ ላይ ምርቃቴ ተገኘ። ጋሼ አሥራ ሰባቱን ለብቻው በወረቀት ላይ ከምረው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ደብተራቸውን ከፍተው ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም። ለእኔ ከጥይት ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደው ማርከር ሰጡኝ።

«ጻፊ። ባሩድ ላይ ምርቃት የለም።»

«ቃ እንዴት ነው?»

አየር ላይ በጣታቸው ጻፉልኝ። ስጨርስ ከጠረጴዛው በላይ ለጠፉት፤ ወረንጦውንም እጄ ውስጥ አስቀመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሚዛኑ ያንቺ ነው» አሉ። አበላሽቼ የበለጠ ሥራ ሲሰጠኝ ያ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። እስከ መስከረም፣ ዝናቡም ቪዛው ወጥቶለት እስኪመጣ፣ የጋሼም ሪዝ እስኪመለስ፣ አንዲት ፍሬ ከመስመሩ አላለፈችም።

*

ይህን ሁሉ ለሶልያና ስነግራት እጇ ከኪሷ ወጥቶ አፏ ላይ ነበር።

«ጋሽ ተስፋይ ያውቃሉ?»

«እስከ ዛሬ ንፋስ መስሏቸዋል» አሉ ጋሼ። «ብትነግሪያቸው አንቺን ነው የምላጭሽ።» ከዚያ ወንበሩን ሳቡላትና እኔን ሳይሆን እሷን፣ «ነይ፣ አንዲት መዝኚ» አሏት።

አትንኪ ልል አፌን ከፈትኩ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የራሴን ጠማማ ቃ አየሁና አፌን ዘጋሁ። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ አንጠባጠበች፤ ክንዱ ከመስመሩ ትንሽ አለፈ። ማንም ሳይነግራት ወረንጦውን አንስታ አንዲት ፍሬ ወደ ጣሳው መለሰች።

ስንሄድ ጋሼ ጎመኑን በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። መኪናው ጋ ሳልደርስ ጠሩኝና ሁለት እስር ከላይ ጨመሩበት። ከዚያም እንዳላዩ ፊታቸውን አዞሩ።